የእንጨት ሥራን እና የሥራ ቦታ ደህንነትን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለማስተማር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ለመክፈት ከሚያስቡ ርዕሳነ መምህራን፣ ትምህርቱን ከሚሰጡ መምህራን እና ልጆቻቸው መጋዝ ሊይዙ መሆኑን ሲሰሙ ከሚሰጉ ወላጆች በየጊዜው የሚቀርቡ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አናጺ ለመሆን ለማያስብ ተማሪ ይህ ትምህርት ምን ይፈይዳል?

ጥያቄው ዕድሜ ጠገብ ነው። ፊንላንድ የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ የግዴታ ትምህርት ያደረገችው በ1866 ሲሆን፣ ሐሳቡን ያራመደው ኡኖ ሲግኔየስ የትምህርቱ ዓላማ የሙያ ሠራተኛ ማፍራት ሳይሆን የልጁን እጅና ዓይን ማሠልጠን እንደሆነ ያስረዳ ነበር። ስዊድናዊው ኦቶ ሳሎሞን ደግሞ በ1870ዎቹ ኔስ በተባለ ስፍራ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍቶ ይኸንኑ ዘዴ ከበርካታ አገሮች ለሚመጡ መምህራን አስተማረ።

ከታሪኩ ይልቅ ግን በወርክሾፕ ውስጥ በየዕለቱ የሚታየው ነገር የበለጠ ያሳምናል። በደብተር ላይ 2 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል፤ በጣውላ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ተማሪ ግን የሠራው በርጩማ ሲወላገድ ተቀምጦበት ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ስሕተቱን መምህሩ ሳይነግረው በገዛ አካሉ ያወቀ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቴ ይለካል። በተጨማሪም ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ግንባታ ሥራ የሚሄድ ማንኛውም ወጣት የሚያስፈልገውን አደጋን አስቀድሞ የማየት ልማድ ከዚህ በተሻለ የሚማርበት ክፍል በትምህርት ቤት ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

የደህንነት ትምህርት ከሥራው በፊት ለብቻው ይሰጥ ወይስ ከሥራው ጋር?

ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ለደህንነት ደንቦች ይመድቡና፣ ተማሪዎቹን አስፈርመው፣ ከዚያ በኋላ ርዕሱን ይዘጉታል። እኔ ይህን አሠራር አልደግፈውም። አጠቃላይ ደንቦች፣ ማለትም የመውጫ በር፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን እና የኃይል ማቋረጫ ማብሪያ ማጥፊያ የት እንዳሉ፣ በእርግጥ በመጀመሪያው ቀን ሊታዩ ይገባል። ከዚያ ያለፈው ትምህርት ግን መሣሪያው ተማሪው እጅ ላይ ባለበት ሰዓት ካልተሰጠ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ጣትን የሚያድነው አያያዝ እና ጥሩ ሥራ የሚያወጣው አያያዝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው።

አንድ ተማሪ መሮ ይዞ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲያወጣ በቅርብ ማየት ይበቃል። እንጨቱን በሞርሳ ከማሰር ይልቅ በግራ እጁ ጨብጦ ይይዘዋል፤ በቀኝ እጁም መሮውን ወደዚያው ወደ ግራ መዳፉ ይገፋል። እንጨቱ ስለሚንቀሳቀስ መሮው ይዘላል፣ ጠርዙ ይፈነከታል፣ ተማሪው ተናድዶ የበለጠ ይገፋል፤ መሮው መዳፉ ውስጥ የሚገባውም በዚህ ሰዓት ነው። “እጅህን ተጠንቀቅ!” ብሎ መጮህ ለዚያች ደቂቃ ብቻ ያገለግላል። እንጨቱ በሞርሳ ታስሮ፣ አንደኛው እጅ እጀታውን ሲገፋ የሌላኛው እጅ ጣቶች የመሮውን ብረት ከላይ ተጭነው ሲመሩት፣ ሁለቱም እጆች ከስለቱ በስተኋላ ሲሆኑ፣ የሚነሣው ፍቅፋቂ ስስና እኩል ይሆናል፤ የጉድጓዱም ግድግዳ ቀጥ ይላል። ተማሪው ይህን አያያዝ የሚወደው ሥራው ስላማረለት ነው፤ ደህንነቱ አብሮ ይመጣል፤ ማንም በማይቆጣጠረውም ቀን አይተወውም።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በቀረበ ቁጥር በዚያው ክፍለ ጊዜ የመሣሪያው ሥራ፣ የመሣሪያው ስለት የሚሄድበት መንገድ እና መሣሪያው ቢያመልጥ የሚያርፍበት ቦታ አብረው ይማሩ። ሦስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲመልሱ ማድረግ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይበልጣል።

በስንት ዓመታቸው የትኛውን መሣሪያ መያዝ ይችላሉ?

የእጅ መሣሪያዎችን በተመለከተ ዕድሜ ከጥንቃቄና ከክትትል ያነሰ ክብደት አለው፤ የእጅ መጋዝ፣ መዶሻ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ሞረድና የእጅ መሰርሰሪያ በዘጠነኛ ክፍል ዕድሜ ላለ ተማሪ ሁሉ ተገቢ ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መቁረጫና መላጊያ ማሽኖች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው።

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1973 ያወጣው ቁጥር 138 ስምምነት ለአደገኛ ሥራ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል፤ ሆኖም ጤናና ደህንነት ሙሉ በሙሉ ከተጠበቀ እና በቂ የሙያ ሥልጠና ከተሰጠ አገሮች ከ16 ዓመት ጀምሮ እንዲፈቅዱ በር ይከፍታል። ይኸው ስምምነት ለአጠቃላይ ወይም ለሙያ ትምህርት ተብሎ በትምህርት ቤት የሚሠራ ሥራን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ያደርጋል። ይህ ማለት ግን ትምህርት ቤቱ የፈለገውን ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ወሰኑን የሚያስቀምጠው የየአገሩ ሕግና የትምህርት ባለሥልጣን መመሪያ ስለሆነ ማሽን ከመገዛቱ በፊት መመሪያውን ማንበብ የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ በኃይል የሚሠሩ የእንጨት ማሽኖች በሕግ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሠራተኞች የተከለከሉ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 16 ለሞላ በተደራጀ ሥልጠና ላይ ላሉ ተማሪዎች በጥብቅ ሁኔታ የተወሰነ ፈቃድ ይሰጣል።

ሕጉ ቢፈቅድም እንኳ፣ የእጅ መጋዝ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ያልቻለ ተማሪ ወደ ማሽን መጋዝ መሻገር የለበትም የሚል አቋም አለኝ። ማሽኑ ስሕተትን ከማፋጠን በቀር አያርምም።

ትምህርቱ ከየትኛው ሥራ ቢጀምር ይሻላል?

በዚህ ላይ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ያላነሰ ክርክር አለ። በሞስኮ ኢምፔሪያል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ቪክቶር ዴላ ቮስ በ1868 የቀየሰው ዘዴ ተማሪው በመጀመሪያ የመቁረጥ፣ የመሰርሰርና የማገጣጠም ልምምዶችን በተናጠል፣ በደረጃ እንዲሠራ የሚያደርግ ነበር፤ በ1876 በፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብም የአሜሪካ መምህራንን በእጅጉ ማርኳል። ሳሎሞን በበኩሉ ተማሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያገለግል ዕቃ መሥራት አለበት፤ ልምምዱ በዕቃው ውስጥ ተደብቆ ይምጣ ይል ነበር። እኔ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ተማሪ የሳሎሞንን መንገድ እመርጣለሁ፤ ማንም ወጣት ተቆርጦ ወደ እሳት የሚወረወር ቁራጭ ላይ ለሳምንታት አይታገሥም።

የመጀመሪያ ሥራ ሆኖ በደንብ የሚያገለግለው የመጋዝ መደገፊያ ነው። ይህም በአንዲት አጭር ጣውላ ሁለት ጫፎች ላይ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ቀጭን እንጨት የተጣበቀበት ዕቃ ነው፤ የታችኛው በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይያዛል፣ የላይኛው ደግሞ የሚቆረጠውን እንጨት ደግፎ ይይዛል። ተማሪው ሲሠራው መለካትን፣ በስኳድራ መስመር ማስመርን፣ መቁረጥን፣ ኮላ መቀባትንና በሞርሴቶ ማጥበቅን ይማራል፤ ከጨረሰ በኋላም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጣቱን ከመጋዝ የሚያርቅለት የራሱ መሣሪያ ይኖረዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ታስሮ ከቆየ ሞርሴቶው ሊፈታ ይችላል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው ግን ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ በዚያው ዕለት ዕቃውን ጫና ላይ ማዋል አይገባም።

የመጋዙን የመጀመሪያ ምት በተመለከተ አንድ ነገር በተለይ ይነገር። ጀማሪ ተማሪ መጋዙን ወደ ታች ይጫናል፤ መጋዙም እንጨቱ ውስጥ ይነክስና ይቆማል፤ ድምፁ የጥርስ ፍጭት የሚመስል ስለሆነ መምህሩ ጀርባውን ቢያዞር እንኳ ይሰማዋል። መፍትሔው መጋዙ በራሱ ክብደት እንዲሄድ መተው፣ መስመሩን ከሚጣለው ቁራጭ በኩል መቁረጥ እና የመጋዙን ሙሉ ርዝመት መጠቀም ነው። መጋዝ ራሱ የሚበላው ስፋት እንዳለ ያልተነገረው ተማሪ ሁልጊዜ አጭር ይቆርጣል።

ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ በአንደኛው ጎን 30፣ በሌላኛው 40 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጎ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 50 መሆኑን መለካት ይበቃል። የሒሳብ መምህሩ የፓይታጎረስን መርሕ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ለጀማሪዎች ስለቱ የደነዘዘ መሣሪያ መስጠት አይሻልም?

አይሻልም። የደነዘዘ መሮ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ብዙ ኃይል የተጠቀመ እጅ ደግሞ መሣሪያው ሲያመልጥ ማቆም አይችልም። መሮና የመላጊያ ምላጭ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ተስለው ሊቀርቡ ይገባል፤ ተማሪዎችም መሳልን ራሱን እንደ አንድ ሙያ ሊማሩት ይገባል። የተሳለ መሮ ሲቀበሉ መጠንቀቃቸውም አንድ ጥቅም ነው።

ተማሪዎች ጓንት ማድረግ አለባቸው?

ወላጆች አብዝተው የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ያስደንቃቸዋል። ሻካራ ጣውላ ሲሸከሙና ሲደረድሩ ጓንት ማድረግ ተገቢ ነው። በሚሽከረከር ማሽን፣ ማለትም በመጋዝ ማሽን፣ በቋሚ መሰርሰሪያ ወይም በማሽን መላጊያ አጠገብ ግን ጓንት የተከለከለ ነው፤ የጓንቱ ጨርቅ በሚዞረው ክፍል ከተያዘ እጅን አብሮ ይጎትታል። በዚሁ ምክንያት ረጅም ፀጉር መታሰርና በቆብ ወይም በሻሽ ውስጥ መግባት፣ ነጠላና የአንገት ልብስ መውለቅ፣ ሰፊ እጅጌ መጠቅለል፣ ቀለበት፣ ሐብልና አምባር ደግሞ ማሽን ክፍሉ በር ላይ መቅረት አለባቸው። የተከደነ ጫማ ለሁሉም፣ በሁሉም ጊዜ ግዴታ ነው።

የዓይን መከላከያ መነጽርን በተመለከተ አንድ ቀላል ደንብ ብቻ ይበቃል፤ በክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው እየቆረጠ፣ እየሰረሰረ ወይም ምስማር እየመታ ከሆነ ቆሞ የሚመለከተው ጭምር መነጽር ያደርጋል፤ መምህሩም ከሁሉ በፊት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያስተምር መምህር ደንቡን በቃል አስተምሮ በተግባር ሽሮታል።

እነዚህ የግል መከላከያዎች ሁሉ የመጨረሻው መከላከያ መሆናቸውንም ተማሪው ይረዳ። በመጀመሪያ የሚጠየቀው አደገኛው ሥራ ጨርሶ ሊቀር ይችላል ወይ የሚለው ነው፤ ካልቀረ በቀላል ዘዴ ሊተካ ይችላል ወይ፤ ካልተተካ ማሽኑ ሊከለልና አቧራው ሊመጠጥ ይችላል ወይ፤ ከዚያ የሥራ ደንብ፣ ከሁሉ በኋላ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ይመጣሉ። ትምህርት ቤቶች ግን ርካሽ ስለሆነ ከመጨረሻው ይጀምራሉ።

የጠረጴዛ መጋዝ በትምህርት ቤት ሊኖር ይገባል? ይህን ያህል አደገኛ የሆነውስ ለምንድን ነው?

የጠረጴዛ መጋዝ ከጠረጴዛው መሐል ብቅ ያለ ጥርሳም ዲስክ ያለው ማሽን ነው፤ ዲያሜትሩ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 4000 ጊዜ ሲዞር ጥርሶቹ በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ይጓዛሉ፤ ይህም በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ነው። የሰው ልጅ ደንግጦ እጁን እስኪስብ ድረስ የሚያልፈው የሰከንድ ሽራፊ ለዚህ ፍጥነት እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። “ተጠንቅቄ እሠራለሁ” የሚለው ሐሳብ በዚህ ማሽን ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ጥንቃቄው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት፣ በአሠራሩ ውስጥ መግባት አለበት።

ሁለተኛው አደጋ እምብዛም አይታወቅም፤ እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ መወርወሩ ነው። የዲስኩ የኋላ ጥርሶች ከጠረጴዛው ስር ወደ ላይ፣ ወደ ሠራተኛውም አቅጣጫ ይወጣሉ፤ እየተቆረጠ ያለው እንጨት በውስጥ ውጥረቱ ምክንያት ተዘግቶ ዲስኩን ሲቆነጥጥ ወይም ከጎን መምሪያው ጋር ተጣምሞ ሲገባ የኋላ ጥርሶቹ ያነሡትና እንደ ቀስት ይወረውሩታል። እጅም ብዙ ጊዜ ወደ ዲስኩ የሚጎተተው በዚያው ቅጽበት ነው። ስለዚህ ከዲስኩ በስተኋላ የሚቆመው መለያያ ብረት ፈጽሞ አይወለቅም፤ ተማሪው በዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ጎን ብሎ ይቆማል፤ እንጨት ያለ መምሪያ በነፃ እጅ አይቆረጥም፤ አጭር ቁራጭ ሲቆረጥ የጎን መምሪያውና የማዕዘን መግፊያው አንድ ላይ አይሠሩም፤ ዲስኩ ከእንጨቱ በላይ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይነሣም፤ ጠባብ እንጨት በጣት ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋል። መግፊያው ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ተሰቅሎ ይገኝ፤ አሥር እርምጃ ርቆ የተቀመጠ መግፊያ የሌለ ያህል ነው።

ትምህርት ቤቱ ይህን ሁሉ ማሟላት ካልቻለ ጣውላውን አስቀድሞ አስቆርጦ ማምጣት አሳፋሪ አይደለም። የተማሪው ዋና ትምህርት ከመስመር ማስመርና ከማገጣጠም እንጂ ጣውላ ከመሰንጠቅ አይገኝም፤ ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞረው የጥብጣብ መጋዝም እንጨቱን ወደ ታች ስለሚጫነው ለብዙ ሥራ ከጠረጴዛ መጋዝ ያነሰ የመወርወር አደጋ አለው። በማንኛውም ማሽን ላይ ግን ዲስክ ወይም ምላጭ ከመቀየሩ በፊት ሶኬቱ ይነቀላል። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

ሰጋቱራ ከማስነጠስ ያለፈ ጉዳት አለው?

አለው። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 ባወጣው ግምገማ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት የመጀመሪያ ምድብ ነገሮች ውስጥ አስቀምጦታል፤ ጎልቶ የታየውም የአፍንጫ ውስጥና የአካባቢው ክፍተቶች ካንሰር ነው። ይህ በዓመታት የሚከማች አደጋ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሠራን ተማሪ ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውለው መምህር ግን ራሱን ሊያስብ ይገባል። ከዚህ ቀደም ብሎ የሚመጣው አስምና የቆዳ መቆጣት ተማሪንም ይነካል፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ በምዝገባው ቀን መታወቅ አለበት።

በዓይን የሚታየው ወፍራም ሰጋቱራ ወለል ላይ ይወድቃል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቁ ነው፤ እርሱም በብዛት የሚወጣው ከመጋዝ ይልቅ ከማሽን ብርጭቆ ወረቀት ነው። ከደቃቅ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ኤምዲኤፍ ከጣውላ የበለጠ ደቃቅ አቧራ የሚያወጣ ከመሆኑም በላይ እርሱንና ቺፑድን ለማጣበቅ የሚያገለግለው ሙጫ ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ አለበት፤ ስለዚህ እነዚህን በማሽን መፈግፈግ ለተማሪ ባይሰጥ እመክራለሁ። አቧራው ከሚወጣበት ማሽን ላይ መመጠጥ አለበት፤ በየዕለቱ መጨረሻ ወለሉ እርጥብ ሰጋቱራ ተበትኖበት ወይም በመምጠጫ ይጸዳ። በታመቀ አየር ልብስንና ጠረጴዛን ማራገፍ የወደቀውን አቧራ መልሶ ወደ አየር ማንሣት ስለሆነ መከልከል አለበት። የተከማቸ ደቃቅ አቧራ የእሳት ምንጭ ካገኘ ሊፈነዳ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ጫጫታውስ?

ለስምንት ሰዓት የሚመከረው ከፍተኛ መጠን 85 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል በሚደርስ ማሽን አጠገብ ያለ መከላከያ መቆየት የሚቻለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መለኪያ በሌለበት፣ በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል። የተጎዳ የመስማት ችሎታ አይመለስም።

በነፃ የተገኘ እንጨት መጠቀም ይቻላል?

በጀት የሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ ወደ አሮጌ የዕቃ መጫኛ ጣውላና ወደ ፈረሰ ቤት እንጨት ማየቱ የማይቀር ነው። ከአገር አገር በሚጓዙ የእንጨት መጫኛዎች ላይ የታተመውን ማኅተም ማንበብ ያስፈልጋል፤ “ኤች ቲ” የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት እንጨቱ በሙቀት መታከሙን፣ “ኤም ቢ” የሚሉት ደግሞ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ መታጠኑን ያመለክታሉ። ሁለተኛውን አይጠቀሙ። ምን እንደተጫነበት የማይታወቅና ፈሳሽ የጠጣ መጫኛም ይቅር። አሮጌ ቀለም የተቀባ እንጨት እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል መፋቅና መፈግፈግ የለበትም፤ ለምስጥና ለብስባሴ መከላከያ ኬሚካል የጠጣ እንጨትም አርሴኒክ ሊኖረው ስለሚችል በወርክሾፕ አይቆረጥ፣ ቁራጩም አይቃጠል። የተረፈው ነፃ እንጨት ምስማሩ አንድ በአንድ ከተነቀለ በኋላ ለእጅ ሥራ ይውላል፤ ወደ ማሽን ግን ባይገባ ይሻላል፤ ተደብቃ የቀረች አንዲት ምስማር ዲስክ ትሰብራለች።

እንጨት ሲገዛ ደግሞ ከሁሉ በላይ ድርቀቱ ይታይ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይሰበሰባል፤ በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚሰበሰበውም ከመሐል ወደ ዳር ከሚሰበሰበው በግምት እጥፍ ነው። ጣውላ የሚጣመመው ለዚህ ነው። እርጥብ እንጨት የተሰጠው ተማሪ በጥንቃቄ የሠራው ሣጥን ከወር በኋላ ሲሰነጠቅ ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል።

ቀለምና ዘይት ከቀቡ በኋላ ጨርቁን የት እንጣለው?

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨበጠ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል። እሳቱ የሚነሣው ክፍሉ ተቆልፎ ሁሉም ከሄደ ከሰዓታት በኋላ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል። ጨርቁ ከቤት ውጭ ነጠላ ሆኖ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ይቆይ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይግባ።

አንድ ተማሪ ማሽን ለመጠቀም ዝግጁ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በጽሑፍ ፈተናና በተግባር፣ ለእያንዳንዱ ማሽን በተናጠል። በጽሑፍ ፈተናው ላይ የማለፊያ ነጥብ ሙሉ መሆን አለበት። ከ10 ጥያቄ 8 የመለሰ ተማሪ በሌላ ትምህርት ጎበዝ ይባላል፤ በመጋዝ ማሽን ላይ ግን ጣት የሚያስከፍሉት ያልመለሳቸው ሁለቱ ናቸው። የሳተው ተማሪ ዳግም ተምሮ ዳግም ይፈተን፤ ይህ ቅጣት እንዳልሆነ ቢነገረው መልካም ነው።

ከዚያ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ፣ ተማሪው ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ እንቅስቃሴ ያሳያል፤ የት እንደሚቆም፣ እጁ የት እንደሚደርስ፣ የተቆረጠው ቁራጭ የት እንደሚወድቅ በቃሉ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ማሽኑ ይነሣል። ውጤቱ በቀንና በፊርማ ይመዝገብ። በማሽኑ ዙሪያ በወለሉ ላይ መስመር ይሰመር፤ ከመስመሩ ውስጥ አንድ ተማሪ ብቻ ይቆማል፤ ማንም ከኋላው አይጠራውም። መምህሩ ከክፍሉ ከወጣ የማሽኖቹ ኃይል ይቋረጣል፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። እንቅልፍ ያጣ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ ተማሪ ያን ዕለት በወረቀት ሥራ ላይ ይቆያል፤ ይህንንም ሳያፍር እንዲናገር መምህሩ አስቀድሞ መንገድ ይክፈትለት።

ከአደጋው በላይ ለጥቂት የተረፈው ብዙ ያስተምራል። ለጥቂት የተረፉ ክስተቶች የሚጻፉበት ደብተር ይኑር፤ የጻፈ ተማሪ እንዳይወቀስ ደንብ ይውጣ። በማስተምርበት ክፍል በዚህ ደብተር ላይ በተደጋጋሚ የሰፈረው ቃል “ቸኩዬ ነበር” የሚል ሲሆን፣ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ማሽኖች ይጠፋሉ፤ የቀረው ጊዜ ለጽዳትና ለመሣሪያ ቆጠራ ይውላል።

ተማሪ ቢቆረጥ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ማሽኑ ይጥፋ። የሚደማ ቁስል ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ በቀጥታ አጥብቆ መጫን፣ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ቆሟል ወይ እያሉ ሳይገልጡ መቆየት ያስፈልጋል። ቁስሉ ውስጥ የተሰካ ትልቅ ስንጥር ወይም ብረት አይነቀልም፤ በዙሪያው ተደግፎ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ዓይን ውስጥ ብናኝ የገባበት ተማሪ ዓይኑን አይሽ፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ የተሰካ ነገር ካለ ግን ሳይታጠብና ሳይነካ ተሸፍኖ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠው ክፍል በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ውሃ በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ከረጢቱ በበረዶና ውሃ ላይ ይቀመጣል፤ በረዶው በቀጥታ ሥጋውን መንካት የለበትም፤ ያበላሸዋል። ከተጎዳው ተማሪ ጋር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነና የተጎዳው እርሱ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ተማሪዎቹም ይማሩት።

ሴት ተማሪዎች፣ ግራኞችና የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች እኩል ሊሳተፉ ይችላሉ?

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ መልሱ ምንም ማብራሪያ አያሻውም፤ ይችላሉ። የሚያስፈልገው በቁመታቸውና በእጃቸው መጠን የሚስማማ መሣሪያ፣ መነጽርና ጓንት ማቅረብ ነው፤ ይህ ደግሞ ለቁመተ አጫጭር ወንዶችም ያስፈልጋል። ግራኝ ተማሪ መሮና የእጅ መጋዝ ያለ ችግር ይጠቀማል፤ በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ግን ብዙ ጊዜ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ ዲስኩ፣ መከለያውና ሰጋቱራው የሚወጣበት አቅጣጫ ለግራኙ እንዴት እንደሚለወጥ ተለይቶ ይታየው። መስማት ለተሳነው ተማሪ “አቁም” የሚል የብርሃን ምልክት፣ ዊልቸር ለሚጠቀም ተማሪ ዝቅ ያለ የሥራ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በምዝገባ ጊዜ ከራሱ ከተማሪው ጋር ሲመከርበት ነው የሚሠራው።

ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ውጭ ወርክሾፕ ሲላኩ ምን ማወቅ አለባቸው?

መምህሩ ቦታውን አስቀድሞ ሄዶ ይይ። መከለያቸው የወለቀ ማሽኖች፣ በሰጋቱራ የተሸፈነ የመብራት ገመድና የተዘጋ መውጫ በር ካየ ተማሪ አይላክም፤ ባለቤቱ ምንም ያህል መልካም ሰው ቢሆን። ተማሪው በየትኞቹ ማሽኖች ላይ እንደተፈተነ የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ በወረቀቱ ላይ በሌለ ማሽን አይሠራም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወጣቱ “አልችልም” ማለትን መማሩ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቁጥር 155 ስምምነት፣ በ1981 የወጣው፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው የቀረበና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በቂ ምክንያት ኖሮት ከሥራ ያፈገፈገ ሠራተኛ ያለ አግባብ እንዳይጎዳ ጥበቃ እንዲደረግለት ይደነግጋል። ደንቡን ማንበብ ቀላል ነው፤ ዕድሜው 17 የሆነ ልጅ በሁለተኛው ቀኑ አንድ ነባር አናጺ “መከለያውን አውልቀው፣ ያዘገይሃል” ሲለው መልስ ማግኘት ግን ልምምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት በክፍል ውስጥ ይለማመዱት። መምህሩ ነባሩን አናጺ ሆኖ ይጫወት፤ ተማሪው በአክብሮት፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ “ጋሼ፣ መከለያው ሳይኖር እንድሠራ አልተፈቀደልኝም፤ መከለያው ተመልሶ ሲገጠም እቆርጣለሁ፤ እስከዚያ የተቆረጡትን ልፈግፍግ” ብሎ ይመልስ። ሌላ ሥራ ለመሥራት መጠየቁን እንዳይረሳ ይደጋገምለት፤ ነባሩ አናጺ ስንፍና እንዳልሆነ የሚረዳው በዚያች የመጨረሻ ቃል ነው።